አሮጌ ኮምፒዩተርና አዲስ ራዲዮ፤ ስለ ዩኤስቢ ዋይፋይ አዳፕተር አጭር የታሪክ ጥናት

በተማሪዎች መኖሪያና በቤተ መጻሕፍት አዳራሽ ዘወትር የሚነሣ አንድ ክርክር አለ። ያገለገለ ላፕቶፕ የያዘ ተማሪ ዋይፋዩ አልፈጥን ብሎት ሲያማርር፥ ከጓደኞቹ አንዱ «አንዲት ትንሽ የዩኤስቢ ዋይፋይ አዳፕተር ገዝተህ ሰካበት፤ እንደ አዲስ ይሆንልሃል» ይለዋል። ሌላው ደግሞ «እሱ የነጋዴ ማታለያ ነው፤ አሮጌ ምን ጊዜም አሮጌ ነው፤ ገንዘብህን አታባክን» ብሎ ይከለክለዋል። ሁለቱም ወገኖች ከራሳቸው ልምድ ምስክር ይጠራሉ፤ ምስክራቸውም ሐሰት አይደለም። የመጀመሪያው በእርግጥ አዳፕተሩን ሰክቶ ሥራው ሲፈጥንለት አይቷል፤ ሁለተኛውም በእርግጥ ሰክቶ አንዳች ለውጥ አላገኘም። ሁለት እውነተኛ ምስክሮች እርስ በርሳቸው ሲቃረኑ፥ ነገሩን ለማስታረቅ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው «መቼ የተሠራ?» የሚለው ጥያቄ ነው። ይህም የታሪክ ተማሪ ጥያቄ ስለ ሆነ፥ ጉዳዩን ለመሐንዲሶች ብቻ ሳንተው በዚህ መጽሔት ልንመረምረው ደፍረናል።

አሳባችን በአጭሩ ይህ ነው። ሰው ኮምፒዩተርን «አሮጌ ነው» ሲል አንድ ዕድሜ ብቻ ያለው ያስመስለዋል። ከዋይፋይ አኳያ ሲታይ ግን አንድ ኮምፒዩተር ሦስት ዕድሜ አለው፤ ይኸውም የራዲዮው ዕድሜ፥ የዩኤስቢ ፖርቱ ዕድሜና ራዲዮውን የሚያዝዘው የሶፍትዌር ዕድሜ ነው። አዳፕተር የሚያድሰው የመጀመሪያውን ብቻ ነው፤ ሁለቱ እንደ ነበሩ ይቀራሉ፤ አንዳንድ ጊዜም አዲሱን ራዲዮ ይዘው ወደ ኋላ ይጎትቱታል። እነዚህ ሦስት ዕድሜዎች እንዴት እንደ ተለያዩ ለማስረዳት ከመነሻው እንጀምራለን። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኮምፒዩተሮችን በራዲዮ የማገናኘት አሳብ ቀድሞ ፍሬ ካፈራባቸው ቦታዎች ዋናው የሐዋይ ደሴቶች ነው። የሐዋይ ዩኒቨርሲቲ ቅርንጫፎች በባሕር ተለያይተው በልዩ ልዩ ደሴቶች ላይ ስለሚገኙ፥ ኖርማን አብራምሰን የተባሉት ፕሮፌሰርና የሥራ ጓደኞቻቸው አሎሃኔት የተባለውን መረብ ዘርግተው በ1971 ዓ.ም. ሥራ አስጀመሩት። ፍጥነቱ በሴኮንድ 9,600 ቢት ብቻ ነበረ። ነገር ግን ለታሪክ የቀረው ፍጥነቱ ሳይሆን ዘዴው ነው። ጣቢያዎቹ ሁሉ በአንድ ሞገድ ይናገራሉ፤ ሁለቱ በአንድ ቅጽበት ተናግረው ቃላቸው ቢጋጭ፥ እያንዳንዱ ጥቂት ቆይቶ መልእክቱን ይደግማል። ይህ አሳብ በ1973 ዓ.ም. ሮበርት ሜትካፍ ኤተርኔት የተባለውን የሽቦ መረብ ሲያስቡ መነሻ ሆኗቸዋል፤ ዛሬም ተሻሽሎ በዋይፋይ ውስጥ ይኖራል። አየሩ የጋራ መሆኑን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን፤ ኋላ ስለ ጎረቤት ስንናገር እንመለስበታለንና።

ቀጣዩ ታላቅ እርምጃ የተወሰደው በቤተ ሙከራ ሳይሆን በመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። በ1985 ዓ.ም. የአሜሪካ የፌዴራል መገናኛ ኮሚሽን፥ ማይክል ማርከስ የተባሉት መሐንዲስ በደከሙበት አሳብ መሠረት፥ ሦስት የሞገድ ክልሎችን ማንም ሰው የግል ፈቃድ ሳያወጣ ለመገናኛ እንዲጠቀምባቸው ፈቀደ። ከሦስቱ አንዱ የ2.4 ጊጋኸርዝ ክልል ነው። ይህ ክልል ቀድሞ ለፋብሪካ ማሞቂያና ለማይክሮዌቭ ምድጃ የተተወ፥ የመገናኛ ሰዎች የናቁት ነበረ። በእኛ አስተያየት ይህ ውሳኔ ከማናቸውም የቴክኒክ ግኝት ይበልጣል። ፈቃድ የሚያስፈልገው ራዲዮ ቢሆን ኖሮ፥ በሱቅ መስኮት ተሰቅሎ የሚሸጥና ማንም ገዝቶ በኮምፒዩተሩ ጎን የሚሰካው ራዲዮ ከቶ ሊኖር ባልቻለም ነበር።

ይህን ፈቃድ ከተጠቀሙበት አንዱ የገንዘብ መመዝገቢያ ማሽን በመሥራት የታወቀው ኤን ሲ አር የተባለው ኩባንያ ነው። በትልልቅ መደብሮች የዕቃው አቀማመጥ በተለወጠ ቁጥር ለመመዝገቢያዎቹ ሽቦ እንደ ገና መዘርጋት ያስቸግር ስለ ነበረ፥ በሆላንድ ያሉት የኩባንያው መሐንዲሶች ዌቭላን የተባለውን የራዲዮ መረብ ሠሩ። እያንዳንዱ ኩባንያ በየራሱ ቋንቋ የሚናገር ራዲዮ ቢሠራ ግን ገበያው ስለማይሰፋ፥ የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ማኅበር 802.11 የሚባል ኮሚቴ አቋቋመ። ከ1990 እስከ 2000 ዓ.ም. ሊቀ መንበሩ የኤን ሲ አሩ ቪክ ሄይስ ነበሩ። ከብዙ ክርክር በኋላ የመጀመሪያው ደንብ በ1997 ዓ.ም. ጸደቀ፤ በሴኮንድ 1 ወይም 2 ሜጋቢት የሚያስተላልፍ ነበረ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ እናስገባ። ስለ ዋይፋይ መነሻ ሲወራ የሲኒማ ተዋናይዋ የሄዲ ላማር ስም ዘወትር ይጠራል። ላማርና የሙዚቃ ደራሲው ጆርጅ አንታይል ሞገዱን በየቅጽበቱ እየቀያየረ ለሚናገር የራዲዮ ዘዴ በ1942 ዓ.ም. የአሜሪካ ፓተንት ማግኘታቸው እውነት ነው። የ1997ቱም ደንብ ከፈቀዳቸው መንገዶች አንዱ ሞገድ መቀያየር ነበረ። ይሁን እንጂ ቀጥሎ ገበያውን የያዘው 802.11ቢ ያን መንገድ አልተከተለም። ስለዚህ «ዋይፋይን የፈጠረችው ላማር ናት» ማለት ለጋዜጣ ያምር እንደ ሆነ እንጂ ለታሪክ አይበቃም።

ለፍጥነት ዋናው እንቅፋት የቤት ግድግዳ ነበረ። ሞገዱ ግድግዳውን፥ ጠረጴዛውንና ጣራውን እየመታ ስለሚመለስ አንዱ ቃል በብዙ መንገድ ተጉዞ በተለያየ ቅጽበት ይደርሳል፤ በገደል ማሚቶ መካከል ቆሞ በችኮላ የሚናገር ሰው ቃሉ እርስ በርሱ እንደሚደባለቅ ማለት ነው። ጆን ኦሳሊቫን የተባሉት አውስትራልያዊ መሐንዲስ ቀድሞ በሰማይ ከሚፈነዱ ጥቃቅን ጥቁር ጕድጓዶች ይመጣል የተባለውን የራዲዮ ምልክት ፈልገው አላገኙትም ነበር፤ ለዚያ ፍለጋ ያካበቱትን የሒሳብ ዘዴ ግን ከጓደኞቻቸው ጋር ሆነው በቤት ውስጥ ማሚቶ ላይ አዋሉት። መፍትሔው አንዱን ፈጣን መልእክት በብዙ ዝግተኛ ክሮች ከፋፍሎ በአንድነት መላክ ነው፤ እያንዳንዱ ክር ዝግተኛ ስለ ሆነ ማሚቶው አያደናግረውም። የአውስትራልያ መንግሥት የምርምር ድርጅት ሲሳይሮ በዚህ ሥራ በ1996 ዓ.ም. የአሜሪካ ፓተንት አገኘ፤ ኋላም ከብዙ ኩባንያዎች ጋር ተሟግቶ በጠቅላላው ከ430 ሚሊዮን የአውስትራልያ ዶላር በላይ ተከፈለው። ክሮችን የመክፈሉ ዘዴ በ1999 ዓ.ም. በ5 ጊጋኸርዝ በሚናገረው 802.11ኤ፥ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ በ2.4 ጊጋኸርዝ በሚናገረው 802.11ጂ ገብቶ ፍጥነቱን 54 ሜጋቢት አደረሰው።

አሁን ከአየር ወደ ሽቦ እንውረድ። የዋይፋይን ታሪክ የጻፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ በአየሩ ላይ ያቆማሉ፤ ራዲዮው ከኮምፒዩተሩ ጋር የሚገናኝባት የአንድ ጣት ውፍረት ያላት ፖርት ግን ከታሪክ የተረሳች ናት። ለእኛ ጥያቄ ደግሞ ዋናዋ እርሷ ናት።

እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ ድረስ የኮምፒዩተር ጀርባ የልዩ ልዩ ቀዳዳዎች መደብር ነበረ። ለፕሪንተር አንድ፥ ለኪቦርድ አንድ፥ ለማውስ አንድ፥ ለሞደም ሌላ ይፈለግ ነበር። ኮምፓክ፥ ዲጂታል ኢኩዊፕመንት፥ አይ ቢ ኤም፥ ኢንቴል፥ ማይክሮሶፍት፥ ኤን ኢ ሲና ኖርቴል የተባሉት ሰባት ኩባንያዎች ተባብረው በ1996 ዓ.ም. ዩኤስቢ የተባለውን አንድ ወጥ መሰኪያ አወጡ፤ በኢንቴል ሥራውን ከመሩት መሐንዲሶች ስሙ የሚነሣው የአጄይ ባት ነው። ከፍተኛው ፍጥነቱ በሴኮንድ 12 ሜጋቢት ነበረ። ለኪቦርድና ለማውስ ይህ ከበቂ በላይ ነው፤ ራዲዮ ይሰካበታል ብሎ ያሰበ ብዙ ሰው የነበረ አይመስለንም። ነገር ግን ዩኤስቢ ሁለት ጠባዮች ነበሩት፤ አንደኛ ማሽኑን ሳያጠፉ መሰካትና መንቀል ይቻላል፤ ሁለተኛ ፖርቱ ራሱ 5 ቮልት ኤሌክትሪክ ያቀብላል። የራሱ መብራት የሌለው ትንሽ ራዲዮ እንዲሰካበት መንገዱን የጠረጉት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። በ1998 ዓ.ም. አፕል አይማክ የተባለውን ኮምፒዩተር የቀድሞዎቹን ቀዳዳዎች ትቶ በዩኤስቢ ሲያወጣው፥ መሰኪያው በገበያ ላይ ሥር ሰደደ።

አየሩና ሽቦው የተገናኙት በዚህ ጊዜ ነው። 802.11ቢ የተባለው ደንብ በ1999 ዓ.ም. ወጥቶ ፍጥነቱን 11 ሜጋቢት አደረገው። በዚያው ዓመት ኩባንያዎች ዕቃዎቻቸው እርስ በርስ መግባባታቸውን የሚያረጋግጥ ማኅበር አቋቁመው፥ ኢንተርብራንድ ከተባለው የስም አውጪ ድርጅት «ዋይፋይ» የሚለውን ስም ተቀበሉ። ስቲቭ ጆብስም አይቡክ የተባለውን ላፕቶፕ ለሕዝብ ሲያሳዩ፥ ሽቦ እንደሌለው ለማስረዳት ክብ ቀለበት በዙሪያው አሳለፉበት፤ ራዲዮው ለብቻው በ99 ዶላር ይሸጥ ነበር። ሌላ ላፕቶፕ የያዘ ሰው በጎኑ በሚገባ ካርድ ይጠቀማል። የካርድ ማስገቢያ የሌለው የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ግን ወይ መፈታት ወይም የዩኤስቢ አዳፕተር መፈለግ ነበረበት። የዚያን ጊዜ አዳፕተር በገመድ ከኮምፒዩተሩ ጋር የሚያያዝ፥ የእጅ መዳፍ የሚያህል ሣጥን ነበረ።

አንባቢ ሁለቱን ቁጥሮች ያስተያይ። አየሩ 11፥ ሽቦው 12 ነው። በአጋጣሚ ልክ ለልክ ገጠሙ፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ዘመን አዳፕተር ቃሉን የጠበቀ ነበረ። መግጠሙ ግን ብዙ አልቆየም። በ2003 ዓ.ም. አየሩ 54 ሲሆን፥ በ1998 ወይም በ1999 የተሠራ ኮምፒዩተር ፖርት በ12 ላይ ቆሞ ቀረ። እንዲህ ባለ ማሽን ላይ የ54 አዳፕተር መሰካት የጋን ውኃ በብርሌ አንገት እንደ ማፍሰስ ነው። ክርክራችን ላይ «ሰክቼ ምንም አላገኘሁም» ያለው ምስክር አንደኛው ዘር ይህ ነው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው ዩኤስቢ 2.0 ግን 480 ሜጋቢት ስለ ነበረ፥ እርሱን የያዘ ኮምፒዩተር ለ54 ራዲዮ ሰፊ በር ነበረው።

በነዚህ ቁጥሮች ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ መጨመር ይገባናል። በካርቶን ላይ የሚታተመው ፍጥነት ሰው እጅ አይገባም። በአንድ ቻናል ላይ በአንድ ጊዜ የሚናገረው አንድ ብቻ ስለ ሆነ፥ መጠበቂያውና የመድረሱ ማረጋገጫ ጊዜውን ይበላሉ። ስለዚህ 11 የተባለው 5 ወይም 6፥ 54 የተባለውም ከ20 እስከ 25 ገደማ ይሰጣል። ሽቦውም እንዲሁ ነው፤ 480 የተባለው ዩኤስቢ 2.0 በተለመደው ሥራ 300 ገደማ ነው የሚያሳልፈው። ነጋዴዎች በኋላ ዘመን ይህን ከመጠን አሳለፉት። «ኤሲ1200» የሚል ጽሑፍ ያለበት አዳፕተር በ2.4 ጊጋኸርዝ 300፥ በ5 ጊጋኸርዝ 867 የሚል ቁጥር ያለው ነው፤ ሁለቱ ተደምረው ወደ ላይ ተጠጋጉ። አዳፕተሩ ግን ከአንድ ራውተር ጋር ሲነጋገር በአንደኛው ክልል እንጂ በሁለቱ በአንድነት አይነጋገርም። ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው።

በመጋቢት 2003 ዓ.ም. ኢንቴል ሴንትሪኖ የተባለውን አወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ራዲዮ በላፕቶፕ ሆድ ውስጥ መግባቱ እየተለመደ ሄደ። ይህ ለተጠቃሚው ምቾት ነው፤ ለእድሳት ግን አዲስ ችግር አመጣ። የላፕቶፑን ሆድ ከፍቶ ካርዱን መለወጥ ይቻል ነበር፤ ነገር ግን አንዳንድ አምራቾች ማሽኑ ሲነሣ የካርዱን መለያ እንዲመረምርና በዝርዝሩ ያልተጻፈ ካርድ ቢያገኝ ሥራውን እንዳይቀጥል አድርገው ሠሩት። ምክንያታቸው የራዲዮ ሕግ እንደ ሆነ ይናገሩ ነበር። እኛ ግን ባለቤቱ የገዛውን ዕቃ እንዳያድስ መከልከል አግባብ ሆኖ አላገኘነውም። የሆነ ሆኖ የዩኤስቢ ፖርት ዝርዝር አይጠይቅም፤ ጠመንጃ መፍቻም አያሻውም። አዳፕተር በገመድ የሚያያዝ ሣጥን መሆኑ ቀርቶ ከአውራ ጣት ጥፍር እስከማይበልጥ እያነሰ በየሱቁ የተስፋፋበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለናል።

በ2009 ዓ.ም. የጸደቀው 802.11ኤን ከቀደሙት የሚለየው ብዙ አንቴና በመጠቀሙ ነው። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት አሮግያስዋሚ ፖልራጅና ቶማስ ካይላት በ1994 ዓ.ም. ፓተንት ያገኙበት አሳብ ተስፋፍቶ፥ በአንድ ሞገድ ላይ ሁለትና ከዚያ በላይ መልእክቶች ጎን ለጎን መሄድ ቻሉ። ቀድሞ ጠላት የነበረው የግድግዳ ማሚቶ እዚህ ላይ ረዳት ሆነ፤ መልእክቶቹ የሚለያዩት በየመንገዳቸው ልዩነት ነውና። ሁለት አንቴና ያለው አዳፕተር 300 ሜጋቢት ይላል፤ ዩኤስቢ 2.0 480 ነው። አየርና ሽቦ ዳግመኛ ገጠሙ። በ2005 ዓ.ም. አካባቢ የተሠራ ላፕቶፕ የያዘ ሰው፥ ማለትም ሆዱ ውስጥ 54 ራዲዮ፥ ጎኑ ላይ ዩኤስቢ 2.0 ያለው፥ ከአዳፕተር ከፍተኛ ጥቅም የሚያገኘው እርሱ ነው። ራዲዮው አርጅቷል፤ ፖርቱ ግን ገና ጎልማሳ ነበረ። የመጀመሪያው ምስክራችን ከዚህ ወገን መሆኑን እንገምታለን።

በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ 802.11ኤሲ ሲጸድቅ አየሩ እንደ ገና ሽቦውን ቀደመ። በ5 ጊጋኸርዝ ባለ አንድ አንቴናው 433፥ ባለ ሁለቱ 867 ነው። የመጀመሪያው በዩኤስቢ 2.0 ይበቃዋል፤ ሁለተኛው አይበቃውም። በ2008 ዓ.ም. የወጣው ዩኤስቢ 3.0 5,000 ሜጋቢት ስለሚል ለሁለቱም ሰፊ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ፖርቱ ውስጥ ባለችው ሰማያዊ ፕላስቲክ ይታወቃል። ነገር ግን «ዩኤስቢ 2.0 ብቻ ስላለኝ የ867 አዳፕተር ከንቱ ነው» ማለትም ስሕተት ነው። በ20ና በ25 ሜጋቢት ሲሠራ የኖረ ኮምፒዩተር በጠባቡ ፖርት በኩል 200 ቢያገኝ ስምንት ወይም አሥር እጥፍ አተረፈ ማለት ነው፤ የቀረበት ቢኖር ካርቶኑ የተናገረው ብቻ ነው።

የ2012ቱ ነገር ግን ለታሪክ ተማሪ የሚጣፍጥ ነው። ኢንቴል በዚያ ዓመት ባወጣው ጽሑፍ፥ ዩኤስቢ 3.0 ሲሠራ የሚወጣው የኤሌክትሪክ ጫጫታ እስከ 2.4 ጊጋኸርዝ ክልል እንደሚደርስና በአጠገቡ ያለውን ራዲዮ እንደሚያውክ ገለጠ። እንግዲህ ፍጥነት ፈልጎ በሰማያዊው ፖርት ላይ የ2.4 ጊጋኸርዝ አዳፕተር የሰካ፥ በአጠገቡም ተነቃይ ዲስክ ያያያዘ ሰው፥ ፋይል ሲገለብጥ ዋይፋዩ ሊዳከምበት ይችላል። ሰፊው በር ራሱ ጫጫታ አመጣ። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ወይ በ5 ጊጋኸርዝ መናገር፥ ወይም አዳፕተሩን በአጭር የዩኤስቢ ማራዘሚያ ገመድ ከማሽኑ ማራቅ። ማራዘሚያው ሌላም ጥቅም አለው። ጥፍር የሚያህሉት አዳፕተሮች አንቴናቸው በማሽኑ ብረት ጥግ ተሸጉጦ ስለሚቀር በደንብ አይሰሙም፤ ከጠረጴዛው ከፍ ብለው ሲቀመጡ ግን ይሻሻላሉ። በዋጋው ትንሹ ዕቃ ከሁሉ የበለጠ ለውጥ የሚያመጣበት ጊዜ አለ።

አሁን ስለ ጎረቤት እንናገር፤ ጽሑፋችንን ለመጻፍ ከሁሉ ይልቅ ያነሣሣን ይህ ነውና። አየሩ የጋራ ነው ብለናል። ዋይፋይ ተራ የሚሰጠው ለመልእክት እንጂ ለሰዓት አይደለም፤ ፈጣኑም ዝግተኛውም አንድ አንድ መልእክት በየተራው ይልካል። 1,500 ባይት የሚያህል መልእክት 12,000 ቢት ነው። በ54 ሜጋቢት የሚናገር ማሽን ይህን ለመላክ ከአንድ ሚሊሴኮንድ ሩብ ያነሰ ጊዜ ይወስድበታል። በ1 ሜጋቢት የሚናገር አሮጌ ማሽን፥ ወይም ከራውተሩ ርቆ ወደዚያ ፍጥነት የወረደ፥ 12 ሚሊሴኮንድ ይይዛል። እርሱ ተናግሮ እስኪጨርስ በአዳራሹ ያለው ሁሉ ዝም ብሎ ይጠብቃል። በ2003 ዓ.ም. በግሬኖብል የነበሩ ፈረንሳውያን ተመራማሪዎች ይህን በስሌትና በሙከራ አሳይተዋል፤ አንድ ዝግተኛ ማሽን ባለበት ቦታ የፈጣኖቹ ፍጥነት ወደ ዝግተኛው ይወርዳል። ስለዚህ በቤተ መጻሕፍት ውስጥ አሮጌ ራዲዮ የያዘ ተማሪ ችግሩ የግሉ ብቻ አይደለም። አዳፕተር ሲሰካ ትርፉ ለእርሱም ለጎረቤቱም ነው። ይህን የምንጽፈው አሮጌ ኮምፒዩተር የያዘውን ለመንቀፍ አይደለም፤ ብዙዎቻችን የምንማረው ባገለገለ ማሽን ነውና። ነገር ግን የአንድ አዳፕተር ዋጋ እንደ ግል ቅንጦት ብቻ መታየቱ ስሕተት መሆኑን ለመግለጥ ነው።

አዳፕተር የማይረዳበትንም እንናገር። ከውጭ ወደ ራውተሩ የሚገባው መሥመር 10 ሜጋቢት ከሆነ፥ የ867 ራዲዮ ያንን መሥመር ከ10 አያሳልፈውም። ራውተሩም የ802.11ጂ ዘመን ከሆነ፥ አዲሱ አዳፕተር ዝቅ ብሎ በእርሱ ቋንቋ ይናገራል። እንዲህ ባለ ቦታ መግዛት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። «ነጋዴ አታለለኝ» ከሚሉት ብዙዎቹ የተታለሉት በአዳፕተሩ ሳይሆን ከእርሱ በላይ ያለውን ባለመመርመራቸው ነው።

ከፍጥነት ሌላ የምስጢር ጥበቃ ጉዳይ አለ። የመጀመሪያዎቹ የዋይፋይ ካርዶች ይጠቀሙበት የነበረው ዌፕ የተባለው መቆለፊያ በ2001 ዓ.ም. ፍሉረር፥ ማንቲንና ሻሚር ባወጡት ጥናት ደካማነቱ ተገለጠ። በ2004 ዓ.ም. ደብሊው ፒ ኤ 2 የተባለው ተተካ፤ ከመጋቢት 2006 ዓ.ም. ጀምሮም የዋይፋይን ማረጋገጫ ለሚፈልግ አዲስ ዕቃ ሁሉ ግዴታ ሆነ። ከዚያ በፊት የተሠራ ራዲዮ አዲሱን መቆለፊያ የማያውቅ ከሆነ፥ ባለቤቱ ወይ መረቡ ውስጥ አይገባም፤ ወይም ለእርሱ ሲባል መረቡ ሁሉ በደካማው መቆለፊያ ይቀራል። አዳፕተሩ እዚህም ላይ የራዲዮውን ዕድሜ ያድሳል።

ሦስተኛውን ዕድሜ፥ የሶፍትዌሩን፥ ያስተማረን መጽሐፍ ሳይሆን ችግር ነው። ከዓመት በፊት ለአንድ አሮጌ ላፕቶፕ አዳፕተር ገዛን። ስሙና ቁጥሩ በሊኑክስ ላይ ያለ ችግር ይሠራል ከተባለው ጋር አንድ ነበረ። ስንሰካው ኮምፒዩተሩ ጨርሶ አላወቀውም፤ ሦስት ማታ ስንታገል ቆየን። በመጨረሻ ሽፋኑ ጀርባ ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን ስናነብ፥ አምራቹ በዚያው ስም የውስጡን ቺፕ ለውጦ ሁለተኛ ዓይነት ማውጣቱን ተረዳን። ኮምፒዩተሩ የሚያውቀው የካርቶኑን ስም ሳይሆን ቺፑን ነው፤ ለዚያ ቺፕ ድራይቨር ከሌለው አዳፕተሩ የተዘጋ ደብዳቤ ነው። ሌሎች አዳፕተሮች ደግሞ መጀመሪያ ሲሰኩ ራሳቸውን እንደ ሲዲ አድርገው የዊንዶውስ ድራይቨራቸውን ያቀርባሉ፤ ይህን የማያውቅ ሰው ራዲዮ የገዛ ሳይሆን ባዶ ዲስክ የገዛ ይመስለዋል። ስለዚህ ከመግዛት በፊት የሚጠየቀው «ስንት ሜጋቢት ነው?» ሳይሆን «ውስጡ ያለው ቺፕ ምንድን ነው? የእኔስ ሲስተም ያውቀዋል?» የሚለው ነው።

በዚህ ረገድ ዘመናት አዲስ ድንበር አድርገዋል። የዊንዶውስ ኤክስ ፒ ጥበቃ በ2014፥ የዊንዶውስ 7 በ2020 ዓ.ም. ተቋረጠ፤ አዳፕተር አምራቾችም ለእነዚያ ድራይቨር መሥራት እየተዉ ሄዱ። በ2021 ዓ.ም. የጸደቀው 802.11ኤኤክስ፥ ዋይፋይ 6 የሚባለው፥ በዩኤስቢ አዳፕተር «ኤኤክስ1800» እየተባለ ይሸጣል፤ በ5 ጊጋኸርዝ 1,201 ሜጋቢት ስለሚል ዩኤስቢ 3.0 ይፈልጋል። ይህ እስካሁን የአየርና የሽቦ ሒሳብ ነው። በሚያዝያ 2020 ዓ.ም. ግን ያው የአሜሪካ መገናኛ ኮሚሽን በ1985 እንዳደረገው አዲስ ክልል፥ የ6 ጊጋኸርዝን፥ ያለ ግል ፈቃድ ከፈተ። በዚህ ክልል የሚናገር አዳፕተር በዩኤስቢ ተሠርቶ ወጥቷል፤ ፖርቱም ይበቃዋል። ማይክሮሶፍት ግን ክልሉን የፈቀደው ለዊንዶውስ 11 ነው፤ ዊንዶውስ 11ም በደንቡ መሠረት አብዛኞቹን አሮጌ ፕሮሰሰሮች አይቀበልም። አዳፕተሩ በዊንዶውስ 10 ማሽን ላይ ሲሰካ በ2.4ና በ5 ጊጋኸርዝ ይናገራል እንጂ ሦስተኛው ክልል አይከፈትለትም፤ የዊንዶውስ 10 ጥበቃም በኦክቶበር 14 ቀን 2025 ዓ.ም. አብቅቷል። ቺፑ ድራይቨር ካገኘ በአዲስ ሊኑክስ ላይ ያው አሮጌ ላፕቶፕ፥ በዚያው ፖርት፥ በዚያው አዳፕተር ክልሉን ሊሰማው ይችላል።